ኳሱ ገብቷል፤ መቺው ግን በር ላይ ነው፦ የቤዝቦል የዝና አዳራሽና የአበረታች ቅመም ክርክር

ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኩፐርስታውን በምትባል አነስተኛ ከተማ የአሜሪካ ቤዝቦል ታሪክ የሚጠበቅበት ሙዚየም አለ። ከሙዚየሙ ቅርሶች መካከል አንዱ ባሪ ቦንድስ የተባለው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2007 የመታው ኳስ ነው። ያ ምት ለ33 ዓመታት በሀንክ አሮን ስም ተመዝግቦ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ኳሱን በ752 ሺህ 467 ዶላር የገዛው የልብስ ንድፍ ባለሙያ ማርክ ኤኮ ዕጣ ፈንታውን ሕዝብ በኢንተርኔት ድምፅ እንዲወስን አደረገ። ብዙ ድምፅ ያገኘው ሐሳብ ኳሱ ላይ የኮከብ ምልክት ታትሞ ለሙዚየሙ ይሰጥ የሚል ነበር። የኮከብ ምልክት በአሜሪካውያን አጻጻፍ “ይህ ነገር ማብራሪያ ያስፈልገዋል” የሚል ትርጉም አለው። በስፖርት መዝገብ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የጥርጣሬ ምልክት ነው።

ኳሱ ምልክቱን እንደያዘ ሙዚየም ገባ። የመታው ሰው ግን በዚያው ሕንፃ ውስጥ የታላላቆች ስም በነሐስ ሰሌዳ በሚቀመጥበት የዝና አዳራሽ ውስጥ እስካሁን ቦታ አላገኘም። ምክንያቱ አበረታች ቅመም ነው። እርሱን ጨምሮ በርካታ የዘመኑ ስመ ጥር ተጫዋቾች ጡንቻ የሚያፈረጥም መድኃኒት በመጠቀም ስማቸው ይነሳል። ክብሩ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ክርክር አሜሪካውያንን ከ20 ዓመታት በላይ አከራክሯል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤዝቦል በአጭሩ

ቤዝቦል ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾችን በሚያሰልፉ ሁለት ቡድኖች መካከል የሚካሄድ የኳስና የዱላ ጨዋታ ነው። የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሰው ኳስን በዱላ መምታት እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ጨዋታ ጥንጓ መሬት ለመሬት እየተመታች ስትሄድ፣ በቤዝቦል ግን ኳሱ የሚመታው በአየር ላይ እየበረረ ሲመጣ ነው። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ 18 ሜትር ያህል ርቆ በመቆም ትንሿን ጠንካራ ኳስ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በሚደርስ ፍጥነት ይወረውራል። የሌላው ቡድን መቺ ኳሱን በዱላ ከመታ በኋላ በሜዳው አራት ማዕዘናት ያሉትን መርገጫዎች እየረገጠ ዞሮ ለመመለስ ይሮጣል። ዞሮ ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቆጠራል።

መቺው ኳሱን በአየር ላይ አሳልፎ ከሜዳው አጥር ውጭ ከጣለው ማንም ሊያስቆመው አይችልም፤ ተዝናንቶ ዞሮ ይገባል። ይህ ምት ሆም ራን ይባላል። በጨዋታው ተመልካችን ከመቀመጫው የሚያስነሳው፣ የተጫዋቹንም ስምና ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ይኸው ምት ነው።

የዋናው ሊግ 30 ክለቦች እያንዳንዳቸው በአንድ የውድድር ዓመት 162 ጨዋታዎችን ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ምት፣ እያንዳንዱ ውርወራ ይመዘገባል። በመሆኑም ቤዝቦል ከሌሎች ስፖርቶች ይልቅ በቁጥር የሚታወስ ጨዋታ ነው። ቤብ ሩት በሕይወት ዘመኑ 714፣ ሀንክ አሮን 755 ሆም ራን መምታታቸውን፣ ሮጀር ማሪስ በ1961 በአንድ የውድድር ዓመት 61 መምታቱን የጨዋታው አፍቃሪዎች እንደ ቤተሰብ ታሪክ በቃላቸው ይዘውታል። አበረታች ቅመም ያናጋው ይህንኑ በአባትና በልጅ መካከል የሚተላለፍ የቁጥር መዝገብ ነው።

የአዳራሹ የመግቢያ ደንብ

የዝና አዳራሹ የመጀመሪያዎቹን አምስት ተመራጮች የለየው በ1936 ሲሆን ሕንፃው ለሕዝብ የተከፈተው በ1939 ነው። እስካሁን የገቡት ተጫዋቾች፣ አሠልጣኞች፣ ዳኞችና የሥራ ኃላፊዎች ከ350 የሚበልጡ ናቸው።

አንድ ተጫዋች ለምርጫ ለመቅረብ ቢያንስ 10 የውድድር ዓመታት የተጫወተ፣ ጨዋታ ካቆመም አምስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ድምፅ የሚሰጡት በአሜሪካ የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በአባልነት የቆዩ ጋዜጠኞች ናቸው። አንድ መራጭ ቢበዛ 10 ስሞችን ሊመርጥ ይችላል። ዕጩው ለመግባት 75 በመቶ ድምፅ ማግኘት ይጠበቅበታል። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ በ10 ዓመት ውስጥ ያልተሳካለትም ከጋዜጠኞቹ ምርጫ ይሰናበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ተስፋ በየተወሰነ ዓመቱ የሚሰበሰበውና 16 አባላት ያሉት የዘመን ኮሚቴ ነው። በኮሚቴው ለመመረጥ የ12 አባላት ድምፅ ያስፈልጋል።

የክርክሩ ሥር ያለው በአንድ የደንቡ አንቀጽ ውስጥ ነው። ድምፅ ሰጪዎች የተጫዋቹን ውጤትና ችሎታ ብቻ እንዲመዝኑ አልታዘዙም። ሐቀኝነቱን፣ የስፖርት ጨዋነቱንና ጠባዩንም እንዲያዩ ደንቡ ያዛል። ይሁን እንጂ ሐቀኝነት ከውጤት አንጻር ምን ያህል እንደሚመዝን አይናገርም፤ አበረታች ቅመም የተጠቀመ ሰው ይግባ ወይም አይግባ የሚል ቃልም የለበትም። ፍርዱ ለእያንዳንዱ መራጭ ኅሊና ተትቷል።

ቅመሙ ምን ይሠራል?

ስቴሮይድ የሚባሉት ጡንቻ የሚገነቡ መድኃኒቶች የወንድ ሆርሞን የሆነውን ቴስቶስትሮን የሚመስሉ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የዚህን ሆርሞን ኃይል ከብት አርቢ ገበሬ በሚገባ ያውቀዋል። ኮርማ ከተቀጠቀጠ በሬ ይልቅ አንገቱ የሚደነድነውና ትከሻው የሚፈረጥመው በዋናነት በዚህ ሆርሞን ምክንያት ነው። ሰውም ሆርሞኑን ከተፈጥሮ መጠን በላይ ከወሰደና ጠንክሮ ከሠራ ጡንቻው በፍጥነት ያድጋል፤ ከድካምም ቶሎ ያገግማል። በ162 ጨዋታ የሚዳከም ተጫዋች በውድድር ዓመቱ መጨረሻም ጉልበቱን ይዞ ሊዘልቅ ይችላል። ዕድሜው ሲገፋ መቀነስ የነበረበት ኃይልም ሳይቀንስ ይቆይለታል።

ቅመሙ ዓይንን አያሠለጥንም፤ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚደርስን ኳስ የመምታት ጥበብንም አይሰጥም። ጥበቡ ያለው ሰው ግን ከአጥሩ ሥር ይወድቅ የነበረውን ኳስ አጥሩን ያሻግርበታል። በልብ፣ በጉበትና በስሜት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሕክምና የታወቀ ነው። የወንዱን የዘር ፍሬ ያመነምናል፤ በአፍላ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ከወሰደው ደግሞ የቁመት ዕድገቱን ያለ ጊዜው ሊያቆመው ይችላል።

ዝምታው እንዴት ሰፈነ?

በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት ስቴሮይድን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መያዝ በሕግ የሚያስጠይቅ እንዲሆን ደነገገ። በቀጣዩ ዓመት የሊጉ ኮሚሽነር ፌይ ቪንሰንት ስቴሮይድ የተከለከለ መሆኑን በደብዳቤ ለክለቦች አሳወቁ። ነገር ግን ምርመራ አልነበረም። ተጫዋቾችን ለመመርመር ከጠንካራው የተጫዋቾች ማኅበር ጋር ስምምነት ያስፈልግ ነበር፤ ስምምነቱም አልተደረገም። ሕግ ነበረ፤ አስከባሪ ግን አልነበረም።

በ1994 በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች መካከል በተፈጠረ አለመግባባት የሥራ ማቆም አድማ ተመታ። የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ከ1904 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይካሄድ ቀረ። የተቆጣው ተመልካች ከስታዲየም ራቀ። ተመልካቹን ከመለሱት ነገሮች ዋነኛው የ1998ቱ የሆም ራን ፉክክር ነበር። ማርክ ማክጓየርና ሳሚ ሶሳ ለ37 ዓመታት የቆየውን የማሪስ ክብረ ወሰን አብረው አሳደዱ። ማክጓየር 70፣ ሶሳ 66 ሆም ራን መትተው ዓመቱን ፈጸሙ። ስታዲየሞች ሞሉ፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተጠቀሙ። በዚያው ክረምት አንድ ጋዜጠኛ በማክጓየር ቁም ሣጥን ውስጥ ወደ ሆርሞን የሚለወጥ መድኃኒት ማየቱን ጻፈ። መድኃኒቱ በወቅቱ በቤዝቦል አልተከለከለም ነበር፤ ወቀሳውም ከተጫዋቹ ይልቅ በጋዜጠኛው ላይ በረታ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ባሪ ቦንድስ በአንድ ዓመት 73 ሆም ራን በመምታት ክብረ ወሰኑን ወሰደ። በ2003 ስም ሳይጠቀስ በተደረገ የሙከራ ምርመራ ከ5 በመቶ በላይ ናሙናዎች ቅመም ተገኘባቸው። በስምምነቱ መሠረት ይህ ውጤት ከ2004 ጀምሮ ተጠያቂነት ያለው ምርመራ እንዲጀመር አደረገ። በዚሁ በ2003 የፌዴራል መርማሪዎች ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚገኘውንና ለስፖርተኞች ቅመም ያቀርብ የነበረውን ባልኮ የተባለ ድርጅት ፈተሹ።

በመጋቢት 2005 ዓ.ም. በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ታላላቅ ተጫዋቾች በምክር ቤት ፊት ቀረቡ። ልጆቻቸው ስቴሮይድ ተጠቅመው ራሳቸውን ያጠፉባቸው ወላጆችም በዚያው ቀን ምስክርነት ሰጡ። ራፋኤል ፓልሜሮ በመሐላ ቅመም ተጠቅሜ አላውቅም አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በምርመራ ተገኝቶበት ታገደ። ማክጓየር ስላለፈው ጊዜ መናገር አልፈለገም፤ ቅመም መጠቀሙን ያመነው በ2010 ነው።

በታኅሣሥ ወር 2007 የቀድሞው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ጆርጅ ሚቼል በሊጉ ጥያቄ ያካሄዱትን ምርመራ ውጤት 409 ገጽ ባለው ሪፖርት ይፋ አደረጉ። በሪፖርቱ የ89 ተጫዋቾች ስም ተጠቅሷል። ሪፖርቱ ጥፋቱን በተጫዋቾች ላይ ብቻ አላሳረፈም። ኮሚሽነሮችም፣ የክለብ ኃላፊዎችም፣ የተጫዋቾች ማኅበሩም በየድርሻቸው ተጠያቂ መሆናቸውን አስፍሯል።

የድምፁ ውጤት

ክርክሩ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው። ባሪ ቦንድስ 762 ሆም ራን በመምታት በታሪክ ቀዳሚ ነው፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነትን ሰባት ጊዜ አግኝቷል። ሮጀር ክለመንስ 354 ጨዋታዎችን ያሸነፈ ወርዋሪ ሲሆን ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን ሳይ ያንግ ሽልማት ሰባት ጊዜ ወስዷል። ሁለቱም አውቀው ስቴሮይድ መጠቀማቸውን ይክዳሉ። ሁለቱም በሊጉ የስቴሮይድ ምርመራ ተገኝቶባቸው አልታገዱም። ክለመንስ ለምክር ቤት ሐሰት ተናግሯል በሚል ተከስሶ በ2012 በነፃ ተሰናብቷል። ቦንድስ በ2011 ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተብሎ የነበረ ቢሆንም ፍርዱ በ2015 በይግባኝ ተሽሯል።

ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረቡበት በ2013 ክለመንስ 37.6፣ ቦንድስ 36.2 በመቶ ድምፅ አገኙ። በዚያ ዓመት ጋዜጠኞቹ አንድም ተጫዋች አልመረጡም። ድምፃቸው በየዓመቱ ከፍ እያለ ቢሄድም በአሥረኛውና በመጨረሻው ዓመት፣ በ2022፣ ቦንድስ 66፣ ክለመንስ 65.2 በመቶ ላይ ቆሙ። ከ394 መራጮች 260ዎቹ ቦንድስን ደግፈዋል፤ ለመግባት 36 ድምፅ ጎድሎታል።

በዚሁ ዓመት የቦስተኑ ዴቪድ ኦርቲዝ በ77.9 በመቶ ተመርጦ ገባ። የኦርቲዝ ስም በ2003ቱ ምስጢራዊ ምርመራ ከተገኘባቸው መካከል እንደነበረ ኒው ዮርክ ታይምስ በ2009 ዘግቦ ነበር። እርሱ ስቴሮይድ መጠቀሙን ያስተባብላል። ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድም የዚያ ዝርዝር አንዳንድ ውጤቶች በሳይንስ አጠያያቂ እንደነበሩ ተናግረዋል። ያም ሆኖ ሦስቱም ሰዎች በስቴሮይድ ምክንያት በሊጉ ታግደው የማያውቁ ሆነው ሳለ አንዱ ገብቶ ሁለቱ መቅረታቸው ድምፅ ሰጪዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ አንድ እንዳልሆነ አሳይቷል።

ይገባቸዋል የሚሉት ወገኖች

የመጀመሪያው መከራከሪያቸው የዘመኑ ሁኔታ ነው። ከ2004 በፊት የሚመረምርም የሚቀጣም አልነበረም። ሊጉ፣ ክለቦቹና ቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ በሆም ራኑ ብዛት ሀብት አካብተዋል። በዚያ ዘመን ሊጉን የመሩት ኮሚሽነር በድ ሴሊግ በ2016 መጨረሻ ለዝና አዳራሹ ተመርጠው በቀጣዩ ዓመት ገብተዋል። ማክጓየርን በሁለት ክለቦች ያሠለጠኑት ቶኒ ላ ሩሳም ገብተዋል። ቤቱን ያስተዳደሩት ተሸልመው በቤቱ የሠሩት ብቻ መወገዳቸው ፍትሕ አይደለም ይላሉ።

ሁለተኛው፣ አዳራሹ ቀድሞም የጻድቃን ቤት አልነበረም የሚለው ነው። ኳሱን በቅባትና በምራቅ እያረጠበ በመወርወር የታወቀው፣ ይህንኑም በ1974 በታተመ የሕይወት ታሪኩ የተናገረው ጌይሎርድ ፔሪ በ1991 ገብቷል። ንቃት የሚሰጡ እንክብሎችም በቤዝቦል ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተዘውትረዋል፤ ምርመራ የተጀመረባቸው በ2006 ነው።

ሦስተኛው ሥራቸውን ይመለከታል። ቦንድስ እስከ 1998 መጨረሻ ድረስ ብቻ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ነበር። በወቅቱ 400 ሆም ራን ከ400 የመርገጫ ስርቆት ጋር ያስመዘገበ የመጀመሪያው ተጫዋችም እርሱ ነው። የመርገጫ ስርቆት ማለት ወርዋሪው ሳያስቆም ወደሚቀጥለው መርገጫ ሮጦ መድረስ ሲሆን የጨዋታው ሕግ የሚፈቅደው የፍጥነት ጥበብ ነው። በቅመም የሚጠረጠርበት ዘመን ከዚያ በኋላ ያለው በመሆኑ፣ ቀሪው ቢሰረዝ እንኳ ይበቃዋል ሲሉ ደጋፊዎቹ ይሞግታሉ።

አይገባቸውም የሚሉት ወገኖች

ተቃዋሚዎች ደንቡን ይጠቅሳሉ፤ ሐቀኝነት በመለኪያነት ተጽፏል ይላሉ። ምርመራ አለመኖሩም ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም። ስቴሮይድ በሀገሪቱ ሕግ የተከለከለ ነበር፤ በድብቅ መወሰዱም ስህተትነቱ ይታወቅ እንደነበር ያሳያል። በ2017 የአዳራሹ ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት የቀድሞው ታላቅ ተጫዋች ጆ ሞርጋን ለመራጮች በጻፉት ደብዳቤ ስቴሮይድ የተጠቀሙ ሰዎች እንዳይመረጡ ተማጽነዋል።

ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያ ግን ስለ ተጎጂዎች የሚነሳው ነው። ፍሬድ ማክግሪፍ በሕይወት ዘመኑ 493 ሆም ራን የመታ፣ ስሙም ከአበረታች ቅመም ጋር ተያይዞ የማይነሳ ተጫዋች ነው። በቀደመው ዘመን ይህ ቁጥር አዳራሹን በቀላሉ ያስከፍት ነበር። በ70 እና በ73 ሆም ራኖች ጥላ ሥር ግን አነሰ። ማክግሪፍ በጋዜጠኞቹ ምርጫ 10 ዓመት ቆይቶ በመጨረሻው ዓመት እንኳ 40 በመቶ አልሞላም። ከእርሱ በታች ደግሞ ስማቸው የማይታወቅ ብዙዎች አሉ። ሰውነታቸውን ላለመጉዳት ወይም ላለማጭበርበር ወስነው ቦታቸውን ቅመም ለወሰደ ተፎካካሪ የለቀቁ ናቸው። እነርሱ ለምርጫ የሚቀርብ ቁጥር እንኳ የላቸውም።

ሦስት ዓይነት ጉዳዮች

ክርክሩን ካወሳሰቡት ነገሮች አንዱ የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። በጥንቃቄ ሲታይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጉዳዮች አሉ።

አንደኛው ቅጣት ያለበት ምርመራ ከተጀመረ በኋላ የተያዙት ናቸው። 696 ሆም ራን ያለው አሌክስ ሮድሪጌዝ የ2014ን የውድድር ዓመት በሙሉ ታግዷል። 555 የመታው ማኒ ራሚሬዝም ሁለት ጊዜ ተይዟል። እነዚህ ሰዎች ሕጉን፣ ምርመራውንና ቅጣቱን አውቀው ጥሰዋል። “ዘመኑ እንዲያ ነበር” የሚለው መከላከያ ለእነርሱ አይሠራም።

ሁለተኛው ከ2004 በፊት ቅመም መጠቀማቸውን ያመኑ ወይም በማስረጃ የተጠቀሱ ናቸው። ጥፋታቸው እውነተኛ ቢሆንም ጥፋቱን ብቻቸውን አልሠሩትም። እያየ ዝም ያለ ተቋምም ነበር።

ሦስተኛው ያለ ማስረጃ የተጠረጠሩ ናቸው። ጡንቻቸው ስለፈረጠመ ወይም ከተከሰሱ ሰዎች ጋር ስለተጫወቱ ብቻ ለዓመታት ድምፅ የተነፈጉ አሉ። ዝምታ የሰፈነበት ዘመን ካስከተላቸው ጉዳቶች አንዱም ይህ ነው። ያልተመረመረ ሰው ንጹሕነቱን የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም። ምርመራ አጥፊውን ለመያዝ ያህል ንጹሑን ለመከላከልም ያገለግላል።

ሦስቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ለማናቸውም ፍትሕ አይሰጥም። ድንበሩን ምርመራና ቅጣት በተጀመረበት ዓመት ላይ ማስመር ከሁሉ ይልቅ የሚያስኬድ መለኪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ለተያዙት በሩ ይዘጋ፤ በጥርጣሬ ብቻ ማንም አይከልከል፤ በመካከል ያሉትን በተመለከተ ደግሞ ችሎታቸውም ጥፋታቸውም በነሐስ ሰሌዳው ላይ በግልጽ ይጻፍ እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ሲጻፍ የሴሊግ ሰሌዳም አብሮ መታረም ይኖርበታል።

ከሩጫ ጋር ሲነጻጸር

ለኢትዮጵያውያን ይህ ጥያቄ በሌላ መልኩ የታወቀ ነው። በሩጫ አጥፊው ሲታወቅ ሜዳሊያው ከአንገቱ ወርዶ ለባለመብቱ ይሰጣል። በ2008 የቫሌንሲያ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ1 ሺህ 500 ሜትር ቀድመው የገቡት ሁለት ሩሲያውያት ውጤታቸው ሲሰረዝ ወርቁ ለገለቴ ቡርቃ ሆነ። በዚያው ዓመት በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5 ሺህ ሜትር ሁለተኛ የወጣችው፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሆና ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አቤይለጌሴ ውጤቷ ከዓመታት በኋላ ሲሻር የመሠረት ደፋር ነሐስ ወደ ብር ከፍ አለ። በ2014 የቦስተን ማራቶን ሁለተኛ የገባችው ብዙነሽ ዳባም ኬንያዊቷ ሪታ ጄፕቱ ከተቀጣች በኋላ አሸናፊ ተብላለች። የአንደኝነቱን የገንዘብ ሽልማት ግን ለዓመታት ስትጠባበቅ ቆይታለች።

የብዙነሽ ታሪክ የዘገየ ፍትሕ ምን ያህል እንደሚጎድል ያሳያል። መስመሩን ቀድሞ የማለፍ ደስታ፣ የሕዝቡ ጭብጨባ፣ ከድሉ በኋላ የሚመጣው ውል ተመልሶ አይመጣም። እንዲያም ሆኖ በሩጫ ቢያንስ ስም ይመለሳል። በቤዝቦል ግን ይህም አይቻልም። የ2001ዱን 73 ሆም ራን ሰርዞ ለማን ይሰጣል? ውርወራቸው የተመታባቸው ወርዋሪዎች፣ የተሸነፉት ቡድኖች፣ ቦታቸውን ያጡት ወጣቶች በአንድ ውሳኔ የሚካሱ አይደሉም። ቁጥሩም ጨዋታውም እንደነበረ ይቆያል። ሊሰጥ ወይም ሊነፈግ የሚችለው አንድ ነገር ክብር ብቻ ነው። በአዳራሹ በር ላይ የሚደረገው ክርክር ያን ያህል የመረረው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሌላ ቦታ ያልተሰጠ ፍርድ ሁሉ እዚያ ይጠበቃል።

በኢትዮጵያ አበረታች ቅመም መጠቀም ከስፖርት ቅጣት ባለፈ በወንጀልም ያስጠይቃል፤ ጉዳዩን የሚከታተል ብሔራዊ ተቋምም ተቋቁሟል። ሕግ ወጥቶ አስከባሪ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ከቤዝቦል ታሪክ መረዳት ይቻላል። ከ1991 ደብዳቤ እስከ 2004 ምርመራ ድረስ የባከኑት 13 ዓመታት ያስከተሉት ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም።

ጉዳዩ አሁን የት ደረሰ?

ሊጉ ዛሬ ጥብቅ የምርመራ ሥርዓት አለው። ከ2014 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ተጫዋች 80 ጨዋታ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተያዘ 162 ጨዋታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የተያዘ ደግሞ ለዘለቄታው ይታገዳል። በ2022 የኒው ዮርክ ያንኪስ ተጫዋች አሮን ጀጅ 62 ሆም ራን ሲመታ በርካታ አሜሪካውያን የማሪስን 61 በንጽሕና ያለፈ እርሱ ነው ብለው አክብረውታል። በይፋዊው መዝገብ ግን የዓመቱ ክብረ ወሰን አሁንም የቦንድስ 73 ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የዘመን ኮሚቴው ስምንት ዕጩዎችን ተመለከተ። ቦንድስ፣ ክለመንስና ፓልሜሮ እያንዳንዳቸው አራት ድምፅ እንኳ አላገኙም። ፍሬድ ማክግሪፍ ግን የ16ቱንም አባላት ድምፅ አገኘ። በንጹሕ 493 ምቱ ለዓመታት በሩ ላይ የቆመው ሰው ገባ፤ የ762ቱ ባለቤት ውጭ ቀረ።

በታኅሣሥ 2025 ኮሚቴው እንደገና ሲሰበሰብ ቦንድስና ክለመንስ አምስት ድምፅ ሳይሞሉ ቀሩ። በአዲሱ ደንብ መሠረት ከአምስት ድምፅ በታች ያገኘ ዕጩ ከሦስት ዓመት በኋላ በሚደረገው ቀጣይ ምርጫ አይቀርብም። ይህ ዕጣ ሁለተኛ ጊዜ ከገጠመው ደግሞ ለዘለቄታው ከዕጩነት ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ እንደገና ሊቀርቡ የሚችሉት ቢፈጥን በ2031 ነው፤ ያም የመጨረሻ ዕድላቸው ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ድረስ የኮከብ ምልክት ያረፈበት ኳስ በኩፐርስታውን ይቆያል፤ ሙዚየሙ የሆነውን ነገር ሁሉ ያስቀምጣል፤ አዳራሹ ደግሞ ከሆነው ውስጥ የሚከበረውን ይለያል።